ቡዙ ላይ የሳልኩት ዛፍ

መዝሙርን ያወቅሁት መኪና ሲጮህብኝ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ ከቫን ናይስ በፍሪዌይ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ተንፏቅቄ መጥቼ፣ የዩኒቨርሲቲው የፓርኪንግ በር ካርዴን አላውቅሽም አለኝ። አንዴ አስነካሁት፣ ሁለቴ አስነካሁት፣ እምቢ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱ ላይ ተኛብኝ።

«ኧረ በእናትህ ክፈት!» አልኩት፤ በሩን ነው።

«እናቴን ካነሳሽማ እከፍታለሁ» አለ አንድ ሰው በአማርኛ። ከቡዙ፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ጠባብ የመስታወት ክፍል፣ እየሳቀ ወጥቶ በእጁ ከፈተልኝ። ከማፈሬ የተነሳ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ገባሁ።

እኔ ዶርካስ እባላለሁ። የምሠራው እዚያው ዩኒቨርሲቲ፣ የካምፓስ ፕላኒንግ ቢሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ሕንፃ፣ መንገድና ፓርኪንግ እስላለሁ። ምኑ ይሠራ፣ ምኑ ይፍረስ የሚሉት ግን ሌሎች ናቸው። መዝሙር ደግሞ ሎት ሰባት የሚባለውን፣ አራት መቶ መኪና የሚይዘውን ግቢ ይጠብቃል።

ሲውል ሲያድር ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ሬስቶራንቶች ያሉበት ፌርፋክስ እየሄድን አብረን ምሳ እንበላ ጀመር። እሱ ከሃውቶርን፣ እኔ ከቫን ናይስ፣ በየመኪናችን እንመጣና ቦታ ፍለጋ ብሎኩን እንዞራለን።

«ሳምንቱን ሙሉ ሰው ፓርክ ስታስደርግ ከርመህ ለራስህ አጣህ?» እለዋለሁ በስልክ።

«ዝም ብለሽ ዙሪ» ይለኛል።

ምግቡ ሲመጣ የሁለታችንም የማውራት ዐቅም አልቋል። ዝም ብለን እንበላለን። ቀና ስል እያየኝ አገኘዋለሁ፤ ደንግጦ ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል። ከሌላ ሰው ጋር ዝም ስል ጭንቅ ይለኛል፣ ከሱ ጋር ግን አርፍ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሬስቶራንቱ ስንወጣ «ዶርካስ፣ እንጋባ» አለኝ። እንዲሁ፣ ምንም መግቢያ ሳያበጅለት። አዎ ልለው አፌን ከፈትኩና «ልጸልይበት» አልኩት።

የቸርች ልጅ የሆነ ሁሉ ይህችን ቃል ያውቃታል። አንዳንዷ የእውነት ትጸልያለች። አብዛኛዋ ግን እምቢ ማለት ከብዷት ነው፤ ወንዱም ይገባውና ቀስ ብሎ ዞር ይላል። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። የዚያኑ ሳምንት ማክሰኞ አለቃዬ አዲስ ሥራ ሰጥታኝ ነበር። ሎት ሰባት ይነሳና ባለአራት ፎቅ ላቦራቶሪ ይሠራበታል፣ በሩ በጁን ይዘጋል፣ በይፋ እስኪነገር ድረስ ለማንም ትንፍሽ ማለት የለም። ፈርሜያለሁ። በር ጠባቂዎቹ በኮንትራት የተቀጠሩ ስለሆኑ ሌላ ቦታ አልተያዘላቸውም። ፕላኑን የሳልኩት እኔው ነኝ። የመዝሙር ቡዝ ያለችበት ላይ ዛፍ ሳልኩበት፤ ሚቲንግ ላይ ጥላው እንዴት ያምራል ብለው አመሰገኑኝ።

ታዲያ እንዴት አድርጌ አዎ ልበለው? ብነግረው ሥራዬን አጣለሁ፤ እናቴና እኔ የምንኖረው በዚችው ደሞዝ ነው። ሳልነግረው ባገባውስ በምን ዐይኔ አየዋለሁ? ስለዚህ የቅዳሜውን ምሳ ትቼ ስድስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ፈገግ ብዬለት አለፍኩ። ከፍሪዌዩ ይልቅ ያቺ ፈገግታ ነበር የምታደክመኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ከሥራ ስወጣ ግቢው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። መዝሙር መስኮቴ ጋ መጥቶ ቆመ። ከስቷል።

«አንድ ደቂቃ አለሽ?»

መኪናዬን ዳር አስይዤ ወረድኩ።

«ኤርፖርት ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። «ሰው የሚያመላልስ ባስ መንዳት። መልስህን እስከ ነገ ብለውኛል፤ ሶ፣ እሺ ልላቸው ነው። የኛን ነገር ደግሞ... ስድስት ሳምንት ሆነ፣ ገብቶኛል። አልተቀየምኩም፣ ኦኬ?»

ዝም ብል ሁሉም በሰላም ያልቅ ነበር። እሱ ሥራ ይዞ ይሄዳል፣ እኔም ሥራዬን አላጣም። ይቅናህ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት በዚህ በር ስገባ እሱ አይኖርም። እወደዋለሁ እኮ!

«መዝሙር፣ ይሄ ሎት በጁን ይዘጋል። ፕላኑን የሳልኩት እኔ ነኝ። ቡዝህን አንስቼ ዛፍ ሳልኩበት። መናገሬ ከታወቀ ያባርሩኛል።»



«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«መዘጋቱን። አፈሩን ሊመረምሩ መሬቱን የበሱት ሰዎች የት ፓርክ ያደረጉ ይመስልሻል? ቦታ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ታችኛውን በር የሚጠብቁት እትዬ ለተማርያም ውሃ አጠጥተዋቸው፣ ምን ሊሠራ ነው ብለው ሲጠይቋቸው አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ከጃንዋሪ ጀምሮ እናውቃለን።»

እኛ ላይ ቤት በር ዘግተን ስንሾካሾክ፣ ታች ያሉት ሁሉንም ያውቃሉ! ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

«ታዲያ ካወቅክ ሌላ ሥራ ለምን ቶሎ አልያዝክም?»

«እስከ ጁን ጠዋት ጠዋት ላይሽ ብዬ ነዋ። ደግሞ እስክትነግሪኝ እየጠበቅሁ ነበር። ፈገግ ብለሽ ስታልፊ፣ ዛሬም አልነገረችኝም እላለሁ።»

«ፈርቼ ነው።»

«እንጀራሽ ነው፣ ማን ይፈርድብሻል? ጸሎቷን ትጨርስ ብዬ ዝም አልኩ።»

እዚህ ጋ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት? ግን መደበቅ ሰለቸኝ፣ አንገሸገሸኝ።

«አልጸለይኩም» አልኩት። «አንድ ቀንም አልጸለይኩም። የፈለግሁት ጊዜ ነበር።»

ፊቱ የተቀየረው ያኔ ነው።

«እኔ በየሐሙሱ ጾሜያለሁ» አለ። «ጌታ ይናገራት ብዬ። ዛሬም ከውሃ በቀር አልቀመስኩም። ጌታን ሰበብ ከምታደርጊ ጊዜ ስጠኝ ብትይኝ ምን ነበር?»

«ይቅር በለኝ፣ በሞቴ።» እንባዬ ቀደመኝ።

ክላክስ ተሰማ። ሄዶ ለሰውየው ከፈተለትና ጀርባውን ሰጥቶኝ እዚያው ቆመ። የሚመለስ አልመሰለኝም፤ ቁልፌን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ተመለሰ።

«እና መልስሽ ምን ነበር?»

«አዎ ነው። የጠየቅከኝም ቀን አዎ ነበር።»

ቡዙ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ተናደድ፣ መብትህ ነው።»

«የኤርፖርቱ ሺፍት የማታ ነው። አንቺ ስትነቂ እኔ እተኛለሁ። አንቺ ቫን ናይስ፣ እኔ ሃውቶርን። ቅዳሜም እሠራለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ መቼ ነው የምንተያየው?»

አሰብኩት። ቀኑን በሰዓት፣ ሰዓቱን በፍሪዌይ ከፋፍዬ ሞከርኩት። በየትም በኩል አይገጥምም።

«ተጋብተን ነዋ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና፣ አፍታም ሳይቆይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሹፌሩ እጁን ወደ ክላክሱ ሲሰድ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ትንሽ እንዲታገሠን ለመንኩት።