ብል ያልበላው ደብዳቤ

ጋሼ እርሳስ የተገደሉት በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት፣ አርባ ዓመት በጠበቁት የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ ተመትተዋል። የመጀመሪያው ምት ከወንበራቸው ጣላቸው፤ ሁለቱ ከወደቁ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ደማቸው ጠረጴዛውን አጥለቅልቆ እስከ መደርደሪያዎቹ ሥር ወርዷል። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው አንባቢዎች ነበሩ። ወደ ጥንታዊ ደብዳቤዎች ክፍል እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ሰው፣ ሚኒስትርም ቢሆን፣ በር ላይ ተነጥቆ እርሳስ ይሰጠው ነበር።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ሳጅኑ፣ መርማሪዋ ገና ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ። «የተመቱት በዚህ ብረት ነው። ያረጁ ወረቀቶችን የምትጠግነው ሠራተኛ ወረቀት የምትጫንበት ነው፤ የእሷ አሻራ ብቻ ነው ያለበት። የወንድማቸው ልጅ ናት፣ ያሳደጓትም እሳቸው ናቸው። በካቴና አስሬያታለሁ።»

«በገዛ ዕቃዋ ላይ የማን አሻራ እንዲገኝ ፈልገህ ነበር?»

መርማሪዋ አጭርና ወፍራም፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት፤ ደረጃ ያስወረዳትን ሰው ሁሉ በግማሽ ልቧ ትጠረጥራለች። ዘበኛው በምሳ ሰዓት ወደ ምድር ቤት ሲወርዱ ያየው ሦስት ሰዎችን ብቻ ነው፦ ጠጋኟን፣ አንድ ጣውላ ነጋዴንና ፕሮፌሰሩን።

ጠረጴዛው ላይ «ልዩ ልዩ ደብዳቤዎች» የተባለ ካርቶን ተቀምጧል። ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸው አንድ ዳኛ ለሚስታቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ጠረጴዛው በደም ተበላሽቶ ሳለ ደብዳቤዎቹ ግን በሥርዓት ተደርድረዋል። ይህ ነገር መርማሪዋን አላስደሰታትም።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ጠጋኟን ነው። የልጅቷ ልብስ በአጎቷ ደም ርሷል።

«ካርቶኑን ነክተሻል?»

«የነካሁት አጎቴን ነው። ይተነፍሳሉ ብዬ አቀፍኳቸው።»

«ደብዳቤዎቹ ላይ ያለው ቀዳዳ ምንድን ነው?»

«ብል ነው። ዱሮ የዳኛው ሚስት የልብስ ሣጥን ውስጥ ሳሉ ከላይ ወደ ታች በልቷቸዋል። ቀዳዳው ከላይ ሰፊ ነው፤ እየጠበበ ሄዶ ታች ሲደርስ ይጠፋል።» ወደ ካርቶኑ ስታይ ግንባሯ ተቋጠረ። «ማነው ያዘበራረቀው? ሴትየዋ የምትወደውን ከላይ፣ ያስቀየማትን ከታች ነበር የምታኖረው። አጎቴ ያንን ቅደም ተከተል ማንም እንዲነካ አይፈቅዱም። ነገ በእርሳስ ቁጥር ሊሰጡት ነበር። እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ጣውላ ነጋዴው የዳኛው የልጅ ልጅ ነው። እንደ ሳንቃ የሰፉ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መጮህ ጀመረ።

«አያቴ አርባ እስረኞች ቆልፎ አቃጠለ የሚል ደብዳቤ እዚያ ውስጥ አለ። ልጆቼን ትምህርት ቤት ‹የአቃጣዩ ዘሮች› ይሏቸዋል! ዛሬ ጠዋት ‹ካላወጣችሁት ደም ይፈሳል› ብያለሁ፣ አልክድም። ግን ሽማግሌ አልመታም።»

«ደብዳቤዎቹን ማንበብ ይችላሉ?»

«የአያቴን ጽሑፍ? የጭረት መዓት ነው! ጠጋኟ ናት የምታነብልኝ።»

ፕሮፌሰሩ ዝናቸውን ያገኙት በዚያው በቃጠሎው ደብዳቤ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ካርቶኑ እንደመጣ አገኙት፤ መጽሐፍ ጻፉበት፣ ተሸለሙበት።

«ሟች ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ግትር» አሉ። «በቀን ቅደም ተከተል ይደርድሩት እያልኩ ሃያ ዓመት ለመንኳቸው።»

«ቀን የሌላቸውስ?»

የፕሮፌሰሩ ፊት በራ። «ዘጠኝ አሉ። መቼ እንደተጻፉ የደረስኩበት እኔ ብቻ ነኝ። ረቂቁ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሚስቴም አላየችው።»

«እኔ ልየው?»

በኩራት አወጡላት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ደሙ ባልታጠበበት ክፍል ተሰበሰቡ። መርማሪዋ የልጅቷን ካቴና አላስፈታችም፤ ገዳዩ ተማምኖ እንዲቀመጥላት ፈልጋለች።

«ይህን የደም ጠብታ እዩት» አለች። «ግማሹ እዚህ ደብዳቤ ላይ፣ ግማሹ ስልሳ ወረቀት ወርዶ ሌላው ላይ። ምቱ ሲያርፍ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ። ገዳዩ ሬሳ እግሩ ሥር አስተኝቶ፣ ተረጋግቶ ደብዳቤ ደርድሯል።»

«ለምን?» አለ ሳጅኑ።

«ብሉ ስላሳጣው። ልጅቷ በቃሏ እንደነገረችኝ፣ የቃጠሎው ደብዳቤ በሴትየዋ አቀማመጥ ከላይ ሦስተኛ ነበር፤ ቀዳዳ ግን የለውም። ብል ሁለተኛውን በልቶ፣ ሦስተኛውን ዘሎ፣ አራተኛውን አይበላም። ያ ደብዳቤ ብሉ ከጨረሰ በኋላ በሰው እጅ የገባ ሐሰተኛ ነው። ጋሼ እርሳስ ቁጥር ሊሰጡ ሲያገላብጡ አዩት። የተበሳውና ያልተበሳው ከተቀላቀለ ግን ማንም አያስተውልም።»

ነጋዴው ተነሣ። «አያቴ... አላቃጠለም?»

«አላቃጠሉም። ይቀመጡ።» ቀጠለች። «አሁን ያለው አደራደር በቀን ነው። እርስዎ ቀኑን ማንበብ አይችሉም። ይህች ልጅ ብትሆን ሁሉንም እንደነበረው ትመልሰው ነበር። ሳጅን፣ ረቂቁን ያዝ፤ ቀን የሌላቸውን ዘጠኙን ፈልግ።»

ሳጅኑ እያነጻጸረ አገላበጠ። «ዘጠኙም ረቂቁ ባለው ቦታ ናቸው።»

«ልጅቷ ናት ያስቀመጠችው፣ እኔን ለማስወንጀል!» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ሚስትዎ ያላዩትን ረቂቅ ከየት አምጥታ? አሻራዎ ያልተገኘው ደግሞ ለአንባቢ የሚሰጠውን ነጭ ጓንት አድርገው ስለነበር ነው።»

ከዚህ በኋላ አንቱታውን ብንተወው የሚቀየመን የለም። ፕሮፌሰሩ ከጠጋኟ ጠረጴዛ ወረቀት መቁረጫውን ቢላዋ ነጠቀ፤ የታሰረችውን ልጅ በፀጉሯ ጎትቶ ስለቱን አንገቷ ላይ አሳረፈው።

«‹ለገበናህ ብዬ ለብቻህ ነገርኩህ፤ ራስህ አውጣው› አለኝ!» ብሎ ጮኸ። «ለእኔ! አንድ የካርቶን ጠባቂ!»

ስለቱ ቆዳዋን ቀደደ። ነጋዴው ወንበር አንሥቶ በሙሉ ኃይሉ ክንዱ ላይ አሳረፈበት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። ፕሮፌሰሩ ሽማግሌው የወደቁበት ደም ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። ያለቀሰው ለክንዱ ነው።

ወሰዱት። መርማሪዋ በልጅቷ አንገት ላይ መሐረብ ያዘች። «ካቴናውን ማስፈታት ነበረብኝ። ይቅር በይኝ» አለቻት። ልጅቷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ሳጅኑ በሐፍረት አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ፈታ፤ ደብተሩን ገለጠና እስክሪብቶውን አወጣ። «እህቴ፣ ቃልሽን ልመዝግብ።»

ልጅቷ እስክሪብቶውን አየችው። ቀስ ብላ እጇን ዘረጋች፤ በር አጠገብ ካለው ቆርቆሮ አንድ የተቀረጸ እርሳስ አውጥታ ሰጠችው።

«እዚህ ክፍል እስክሪብቶ አይገባም» አለችው።

ሳጅኑ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና እርሳሱን በሁለት እጁ ተቀበላት።