የጉም ባሕሩ ካፒቴንና የተፈታው ቃጫ

ሔርሜላ ትባላለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ ማንኪራ ነው፤ ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ የመኪናው መንገድ አልቆ የእግር መንገድ ከሚጀምርበት ወዲያ። እናቷ እትዬ በዛወርቅ ይባላሉ። አባቷ ግንበኛ ናቸው፤ በዚያ ዓመት ለሥራ ደካ ወደሚባል አገር ሄደው ነበር።

ልጆቼ፣ ለዚህች ልጅ እግዚአብሔር አንድ ስጦታ ሰጥቷት ነበር። ተረት ማውራት ትችላለች። እሷ ስትጀምር የሚያለቅስ ሕፃን እንኳ ዝም ይላል። ስጦታ ግን እንደ ቢላ ነው፤ ሽንኩርትም ይቆርጣል፣ እጅም ይቆርጣል።

አንድ ጊዜ ቦንጋ አክስቷ ቤት ሄዳ በቴሌቪዥን የባሕር ወንበዴ አየች። ማንኪራ ባሕር የለም። ጉም ግን አለ። ጠዋት ጠዋት ሸለቆውን ሞልቶ ይተኛል፤ ከላዩ የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ይታያል። ዛፍ ላይ የተጋደሙት ረጃጅም ቀፎዎች መርከብ ይመስላሉ። ሔርሜላ ከታናሽ ወንድሟ ከዮናታንና ከጎረቤቷ ልጅ ከብርቅዬ ጋር ኮረብታው ላይ ተቀምጣ ታወራላቸዋለች።

«ይሄ የጉም ባሕር ነው። እዚህ ባሕር ላይ ካፒቴን ጥላዬ የሚባል ወንበዴ አለ። ጎራዴ የለውም። የሚዘርፈው በብልጠት ብቻ ነው።»

«እንዴት አድርጎ?» ይላል ዮናታን።

«ሰው ሳያየው የሌላውን መርከብ ባንዲራ አውርዶ የራሱን ይሰቅላል። መርከበኞቹ የሱን ባንዲራ ሲያዩ ዕቃውን ራሳቸው ተሸክመው ያመጡለታል። እሱ አመሰግናለሁ ብሎ ይሄዳል።»

ዮናታን በሳቅ ይንከተከታል። ብርቅዬ ግን አንድ ቀን አፏን አጣመመች።

«ካፒቴንሽ ወሬ ብቻ ነው። የእናንተን ቀፎ ዘንድሮ ንቦቹ ጥለውት ሄደዋል አሉ። ብልጥ ከሆነ እስቲ ማር ያምጣልን።»

ይህ ነገር ሔርሜላን አንገበገባት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ጫካ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ከግንዱ ላይ ምልክቱን ያስራል። ቁልፍ የለም፣ ዘበኛ የለም። የሰው ምልክት ያለበትን ዛፍ ማንም አይነካም። የነሔርሜላ ምልክት የቀርከሃ ቁራጭ ነው። የጋሽ ሀብተ ማርያም ደግሞ የተቋጠረ የእንሰት ቃጫ ነው። ጋሽ ሀብተ ማርያም ሽማግሌ ናቸው። የትልቁን ዛፍ ማር ለግንቦት ልደታ ተስለው ነበር፤ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንዲሆን። ሔርሜላ ይህን ታውቃለች። ታውቃለች፣ ልጆቼ። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብቻዋን ወደ ትልቁ ዛፍ ወረደች። ቃጫውን ፈታች። ከነሱ ዛፍ ያመጣችውን ቀርከሃ አሰረች።

«እኔ አልሰረቅሁም» አለች በልቧ። «ዛፍ አልወጣሁም። ማር አልነካሁም። አንድ ቃጫ ነው የፈታሁት።»

ሰይጣን እንዲህ ነው፤ ኃጢአትን ቆራርሶ፣ ትንሽ ትንሽ አድርጎ ያጎርሳል።

በማግሥቱ፣ እናቷ ቀፎ እንዲያወርድላቸው የጠሩት ሰብሃት መጣ። ሰብሃት ከማዶ መንደር ነው። በገመድ ዛፍ ወጥቶ የሰው ቀፎ ያወርዳል፤ ከማሩም ድርሻ ይሰጡታል። እናቱና ታናናሾቹ የሚበሉት በዚያች ገመድ ነው። ቀድሞ የነሔርሜላን ቀፎ የሚያወርዱት አባቷ ነበሩ፤ ሰብሃት ለነሱ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ምልክት አይቶ ሄደ። ቀርከሃውን አገኘ። ወጣ። ማሩን ከነሰፈፉ በገንቦ ይዞ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ንቦቹ ሄደዋል ያለው ማነው? ይኸው፣ ሞልቶ ነው ያገኘሁት።»

እትዬ በዛወርቅ ጎንበስ ብለው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ያ ምስጋና ሔርሜላን እንደ እሾህ ወጋት። ሮጣ ሄዳ ቀርከሃውን ፈትታ ቃጫውን ወደ ቦታው መለሰች። የሠራችውን በጆሮዋ ስትነግራት ብርቅዬ ጣቷን እየላሰች «በቃ፣ አመንኩ» አለች።

ልደታ ሲቃረብ ጋሽ ሀብተ ማርያም ወደ ዛፋቸው ሄዱ። ቃጫቸው አለ። ማሩ የለም። ሰብሃት ያን ዛፍ ሲወጣ ያየው ሰው ነበርና ሽማግሌዎቹ ጠሩት።

«አዎ፣ ወጥቻለሁ» አለ ሰብሃት። «የእትዬ በዛወርቅ ምልክት ነበረበት።»

«የኔ ቃጫ ነው ያለበት። ዛሬም አይቼዋለሁ» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም።

«የዚያን ቀን ቀርከሃ ነበር፣ አባቴ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እንግዲያ ቃጫው እግር አውጥቶ ዞር ዞር ብሎ ተመለሰ በለና» አለ አንዱ። «ባዶ ቀፎ ቢያወርድ ድርሻ የለውም። ስለዚህ የሞላውን መረጠ።»

እትዬ በዛወርቅ ደነገጡ። «እኔ ዛፉን አላውቀውም። የእናንተ ነው ብሎ ነው ያመጣልኝ» አሉ።

ተፈረደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብሃት በሰው ሁሉ ፊት ገመዱን ያስቀምጣል። ገመዱን ያስቀመጠ ሰው ከዚያ ወዲያ የማንንም ዛፍ አይወጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹ ኮረብታው ላይ ተቀመጡ። ጉሙ እንደ ወትሮው ሸለቆውን ሞልቶታል።

«ካፒቴኑ ከዚያስ ምን ሆነ?» አለ ዮናታን።

ሔርሜላ «ከዚያማ… ሌላ ሰው ተያዘ» አለች። «ካፒቴኑ ለሠራው እሱን ባሕር ውስጥ ሊጥሉት ነው።»

«ካፒቴኑ ያያል?»

«ያያል።»

«ዝም ይላል?»

ብርቅዬ በክርኗ ነካ አደረገቻትና «ዝም በይ፣ ማንም አላየሽም» አለቻት በጆሮዋ።

ዮናታን አሰበ አሰበና፣ «እንግዲያ ብልጥ አይደለም። ፈሪ ነው» አለ።

ሔርሜላ ወደ ሸለቆው አየች። ባሕሩ አልታይ አላት። ጉም ብቻ ነበር፤ በጉሙ መሐል የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ። ማታ አባታችን ሆይ ስትደግም «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ስትደርስ ድምጿ ቆመ።

እሑድ ቅዳሴ አለቀ። ሰብሃት ወደ መሐል መጣ። ገመዱን ከትከሻው አወረደ። ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ሔርሜላ በሰዎቹ መሐል ሾልካ ወጣች።

«ቃጫውን የፈታሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቀርከሃውን አሰርኩ። ሰብሃት እውነቱን ነው። ኋላ መልሼ ቃጫውን አሰርኩት።»

እናቷ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሰብሃት ገመዱን እንደ ያዘ መሬት ላይ ቁጭ አለና በካፊኛ አንድ ነገር አጉረመረመ፤ እንባው ወረደ።

«ለምን፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ሀብተ ማርያም።

«ብልጥ ለመባል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቃጫኮ ነው። አንቺም ትፈቺዋለሽ፣ ፍየልም ትበላዋለች። ሌባ የሚከለክል መስሎሽ ነው? የምናስረው እርስ በርሳችን ስለምንተማመን ነው። ማሩ በሌላ ዓመት ይገኛል። አንቺ የወሰድሽው ከማር ይበልጣል።»

ሔርሜላ ሰብሃት እግር ላይ ወደቀች። እሱም ፊቱን አዙሮ «ተነሺ» ብቻ አላት።

የተበላው ማር ተበልቷል፤ አይመለስም። የተረፈውን እትዬ በዛወርቅ ከነሰፈፉ ተሸክመው መለሱ። ሔርሜላና ብርቅዬ ሰሙን አቅልጠው ለልደታው ጧፍ ሠሩ። ሔርሜላ ጣቷ ተቃጠለ፤ አላማረረችም።

ከበዓሉ በኋላ ጋሽ ሀብተ ማርያም ሰብሃትን ሌላ ዛፍ እንዲወጣላቸው ጠየቁት። «መንገዱን ይህች ልጅ ታሳይህ» አሉት። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ጫካ ገቡ። ዛፉ ሥር ደረሱ። የተቋጠረው ቃጫ ታስሯል። ሰብሃት ቃጫውን አየ። ገመዱን ግን አልፈታም። ወደ ሔርሜላ ዞረ።

«የማን ነው?»

«የጋሽ ሀብተ ማርያም ነው።»

ዓይን ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ገመዱን ወደ ቅርንጫፉ ወረወረና መውጣት ጀመረ።

ልጆቼ፣ ሰው አምኖን የተወውን በብልጠት መውሰድ ስርቆት ነው፤ እውነቱን ተናግሮ የሚመለሰውን ግን እግዚአብሔር ይቀበለዋል።