አባት ያልተጠራበት ጨዋታ

«ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?» አለ ዴል፣ አንድ እግሩን ቦት ጫማው ውስጥ ከትቶ ሁለተኛውን ጫማ በዓይኑ እየፈለገ።

«ማታ አንድ ሰዓት» አለ ቴረን።

ጨዋታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ቴረን ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የዋሸው፤ ያውም እንቁላሉን እየበላ፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል። አባቱ ምንም አልጠረጠረም። እንዲያውም ሰዓቱ መምሸቱ ደስ አሰኘው። በረት ውስጥ አንዲት ጊደር የመጀመሪያዋን ልትወልድ ሌሊቱን ሙሉ ስትቁነጠነጥ አድራለች፤ እሷን አዋልዶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ እንደ ሰው ለብሶ እንደሚመጣ ነገረው። የጨዋታ ሰዓት የምትከታተለው የቴረን እናት ነበረች፤ እሷ ግን ነርስ ስለሆነች ዛሬ ሆስፒታል ተረኛ ናት። ዴል ደግሞ ስልኩን የሚያየው ሲጮህ ብቻ ነው።

«ቀድመህ የምትሄደው ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ልምምድ አለን። የሚካ እናት ትወስደኛለች።»

ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለው። ያ ራሱ አስፈራው።

ቴረን ዋሲልኮ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። የሄልምዴል ታዳጊዎች የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ተከላካይ ነው። እንደ ሄልምዴል ባሉ የሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ትንንሽ ከተሞች በእሱ ዕድሜ ያለ ተጫዋች ሁሉ ግንቦት ሲቃረብ እንቅልፍ ያጣል። ግንቦት ላይ ትልልቆቹ የወጣት ቡድኖች ተራ በተራ ስም እየጠሩ ልጆች ይመርጣሉ። ስሙ የተጠራ ልጅ በዓመቱ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቡድኑ ከተማ ይሄዳል፤ ከዚያም ወደ ፕሮፌሽናሎቹ የሚወስደው መንገድ ይከፈትለታል። ስሙ ያልተጠራ ልጅም አይሞትም፤ ግን ለጊዜው የሞተ ይመስለዋል።

ረቡዕ ዕለት አሠልጣኙ ከትልልቆቹ ቡድኖች የአንዱ፣ የስቶኒ ፎርድ፣ ተጫዋች መልማይ አቶ ኦርምስቢ ቅዳሜ እንደሚመጡ ነገራቸው። ቡድኑ አንድ ተከላካይ እንደሚፈልግ፣ የሚያመነታውም በቴረንና ከሰሜን በኩል ባለ አንድ ረጅም ልጅ መካከል እንደሆነ ወሬው ከተማውን አዳርሶታል። ቴረን መጀመሪያ በደስታ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ደስታውን ያበላሸበት በረኛው ሚካ ነው።

«ሰውዬው ሜዳውን ብቻ አይደለም የሚያዩት» አለው ሚካ፣ ጫማቸውን ሲያወልቁ። «ትኩስ ቸኮሌታቸውን ይዘው ወላጆች መሀል ቁጭ ይላሉ። ማን እንደሆኑ አይናገሩም። ጆሯቸውን ጥለው ይሰማሉ። የአክስቴ ልጅ በምን እንደቀረ ታውቃለህ? በአባቱ ነው። አንተን ከመረጡ አባትህንም መረጡ ማለት ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ እየደወለ የሚጨቀጭቃቸውን።»

«አታካብድ ባክህ።»

«እኔ ምን አገባኝ» አለ ሚካ።

የዴልን ስም መጥራት አያስፈልገውም ነበር። ዴልን የማያውቅ የለም። ዴል ክፉ ሰው አይደለም፤ በእጁ ማንንም ነክቶ አያውቅም። ልጁ በስድስት ዓመቱ ሆኪ ሲጀምር በብርድ ቆሞ ጓሮውን በውኃ ቱቦ እያርከፈከፈ የበረዶ ሜዳ የሠራለት እሱ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥርም ይሠራል። ዳኛ ሲያይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ከመቀመጫው ተነስቶ ሜዳውን የከለለውን መስተዋት በመዳፉ እየደበደበ፣ የዳኛውን ዓይን፣ የዳኛውን መነጽር፣ የዳኛውን እናት ሳይቀር እየጠራ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮሃል። ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ከአዳራሹ አስወጥተውት በመስኮት በኩል ሲጮህ ጨዋታው ቆሟል። ያን ቀን ቴረን ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ስለዚህ ዋሸ። ለአንድ ከሰዓት ብቻ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ቤት ሲመለስ ሰዓቱ በድንገት ተቀየረ ብሎ ይነግረዋል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ቴረን ዱላውን ይዞ ከመልበሻ ክፍል ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቆመው አገኘ። ካፖርታቸው አሮጌ ነው፤ በእጃቸው የወረቀት ኩባያ ይዘዋል። ስማቸውን ሳይነግሩት ማን እንደሆኑ ገባው። እጁን ጨበጡትና እንቅልፉን፣ ትምህርቱን ጠየቁት። የሒሳብ አስተማሪውን ትናንት በስልክ እንዳነጋገሯቸውም ነገሩት።

«ወላጆችህ መጥተዋል?» አሉ በመጨረሻ።

«እናቴ ሥራ ላይ ናት። አባቴም... ዛሬ ሥራ ይዞታል።»

«ያሳዝናል» አሉ አቶ ኦርምስቢ። «እኔ እኮ የመጣሁት እሱን ለማየት ነው።»

ቴረን የሰማውን አላመነም።

«አንተንማ አይተን ጨርሰናል» አሉት። «እንዴት እንደምትንሸራተት፣ ስትሳሳት በረኛህን እንዴት እንደምታጽናና፣ አሠልጣኝህ ሲቆጣህ ፊትህ ምን እንደሚመስል፣ ሁሉንም አይተናል። የቀረን ቤትህ ነው። ከቤቱ የማይስማማ ልጅ ሩቅ ከተማ ሲሄድ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ሰው ይሰብራል። ለማንኛውም መልካም ጨዋታ።»

ይህን ብለው ወደ ወላጆቹ መቀመጫ ወጡ።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቴረን ሁለት ጊዜ ኳስ ተነጠቀ። ኳስ ሲሉ ያው ጠፍጣፋዋን ጥቁር ጎማ ነው። እፎይ የሚልበት ቀን ነበር፤ ማንም ዳኛውን አይሰድብም፣ ማንም መስተዋት አይደበድብም። እሱ ግን ጎማዋን ባገኘ ቁጥር ዓይኑ ባዶውን የአባቱን ቦታ ይፈልጋል። አባቱ ይኼኔ እጁን እስከ ክርኑ ጊደሯ ውስጥ አስገብቶ፣ ቶሎ ጨርሼ ልድረስለት እያለ ይሆናል። ያ አንጀቱን በላው። ሜዳው ላይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

እረፍት ሲወጡ በቀጥታ ወደ አሠልጣኙ ሄደ። አሠልጣኙ ከጨዋታ በፊት የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የሞተ ሰው ከሌለ በቀር አይሰጥም።

«ለምን ፈለግከው?»

«አባቴ ጋ ልደውል።»

አሠልጣኙ ፊቱን ትንሽ አየውና ባልዲውን ገፋለት። ቴረን ስልኩን ይዞ ሽንት ቤት ገባ። ዴል ከብዙ ጥሪ በኋላ አነሳ፤ ከበስተኋላው ጊደሯ ስታቃስት ይሰማል።

«አባዬ፣ ጨዋታው ተጀምሯል።»

«እንዴ? ሰዓቱን ተሳሳትክ?»

አዎ ቢል ሁሉም ነገር ያልቅ ነበር። አባቱ ራሱ መውጫውን አበጅቶ ሰጥቶታል። ቴረን ግን የሽንት ቤቱን ግድግዳ እያየ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«አልተሳሳትኩም። ዋሽቼህ ነው። የስቶኒ ፎርድ መልማይ እዚህ አሉ፤ እንዳትጮህ ፈርቼ ነው የዋሸሁህ።»

ቴረን ስድብ ጠበቀ፤ ስድብ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

«እሺ» አለ ዴል በመጨረሻ፣ ስልኩንም ዘጋው።

እሺ ማለት እመጣለሁ ይሁን፣ ደህና ሰንብት ይሁን፣ ቴረን አላወቀም። ሆኖም ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ሲጀምር ቀሎት ነበር። ጎማዋን ሲያገኝ ወዴት እንደሚሰጥ ታየው፤ እግሩም ታዘዘለት። ቡድኑ አንድ ግብ ሲያገባ አቀባዩ እሱ ነበር።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር የአዳራሹ በር ተከፈተና ዴል ገባ። ገላውን አልታጠበም። የሥራ ቱታው ላይ የጊደሯ ሽርት ውኃ እንዳለ ደርቋል፤ ፀጉሩ ላይ ገለባ አለ። ጉንጮቹ ሁለቱም ተወጥረዋል፤ ቴረን ሰው መቶት አብጦ መስሎት ደነገጠ። ኋላ ላይ ነው የተቆላ ሱፍ ፍሬ በእፍኙ ጎርሶ እንደሆነ የገባው። አፉ ከሞላ መጮህ አይችልም። ዴል ወንበር ፈለገ፣ ሰዎች ሽታውን ሸሽተው ፈቀቅ አሉለት፣ እሱም ባገኘው ክፍት ቦታ ቁጭ አለ። ከአጠገቡ ያሉት አቶ ኦርምስቢ ነበሩ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ የፈራው ደረሰ። አንድ የተጋጣሚ ልጅ በጥግ በኩል ሊያመልጥ ሲል ቴረን በትከሻው ገፍቶ ከግድግዳው አጋጨው። የጨዋታው ሕግ የሚፈቅደው ንጹሕ ግፊያ ነው፤ አዳራሹ ሁሉ አይቷል። ዳኛው ግን ፊሽካውን ነፋና ሁለት ደቂቃ ከሜዳ እንዲወጣ ቀጣው።

ቴረን ቅጣቱን ሊጨርስ የተቀጪዎች ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ማዶ ተመለከተ። አባቱ ብድግ ብሏል። ፊቱ ደም መስሏል። ዙሪያው ያሉት ሁሉ ወደ እሱ ዞረዋል፤ አንዳንዶቹ የሚመጣውን ስለሚያውቁት ከወዲሁ ፈገግ ብለዋል። ዴል አፉን ሊከፍት ሞከረ፣ ጥቂት የሱፍ ቅርፊት ከከንፈሩ ወደቀ፣ ሳል ያዘው። ሳሉ ሲለቀው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አጠገቡ ላሉት ሰው አንድ ነገር ተናገረ፤ አቶ ኦርምስቢም ኩባያቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ።

ሄልምዴል ሦስት ለሁለት አሸነፈ። ቴረን ልብሱን ቀይሮ ሲወጣ መልማዩ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ሳይጠይቁት ቀድሞ ተናገረ።

«ቅድም የዋሸሁት እርስዎንም ነው። አባቴ ሥራ ስለያዘው አይደለም የቀረው። እንዳይመጣ ሰዓቱን ደብቄው ነው።»

«ነግሮኛል» አሉ አቶ ኦርምስቢ። «ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ ነው የነገረኝ። የእርስዎ ልጅ የትኛው ነው ቢለኝ፣ እስካሁን የለኝም አልኩት። እሱ ግን ልጄ ያውና፣ ስለምጮህበት ዋሽቶኝ ነበር፣ መልሶ ግን ደውሎ እውነቱን ነገረኝ አለኝ። ታዲያ ምን አደረግክ አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«በፍጥነት ነዳሁ አለኝ።»

መልማዩ ካፖርታቸውን ቆለፉ። ምንም ቃል እንደማይገቡለት ነገሩት። ምርጫው የሚወሰነው ስድስት ሰዎች ባሉበት ክፍል ነው፤ አንዱ ያኛው ልጅ ረጅም ነው ማለቱ አይቀርም፣ እውነቱንም ነው። ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ ስለ ቤተሰብ ይጠይቃል። እስከ ዛሬ ለዚያ ሰው የሚመልሱት አልነበራቸውም፤ አሁን አላቸው።

ቴረን ወደ ውጭ ሲወጣ ብርዱ ፊቱን ላጠው። የሚካ እናት መኪናዋን አሙቃ በሩን ከፍታ ትጠብቀዋለች። ከእሷ ማዶ የአባቱ ጭቃ የለበሰ ፒካፕ ቆሟል። ቴረን የሚካን እናት አመስግኖ ወደ ፒካፑ ሄደ። ውስጡ ጥጃ ጥጃ ይሸታል።

ዴል ሞተሩን አስነሳ እንጂ አልነዳም። ጊደሯ ወንድ መውለዷን፣ ጎረቤታቸው መጥቶ እንደጨረሰላት፣ መንገዱ ላይ በረዶ እንዳለ፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራ። ከዚያ ወሬው አለቀበት።

«አፍረህብኝ ነበር?» አለ፣ መሪውን እያየ።

«አዎ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አላፈርኩም።»

ዴል አንገቱን ነቀነቀ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከፈለግክ ቤት እቀራለሁ፣ አልቀየምህም አለው። የምሩን ነበር። ቴረን አሰበበት። የሚቀጥለው ቅዳሜ የሌሎች ሁለት ቡድኖች መልማዮች ይመጣሉ፤ እሺ፣ አትምጣ ቢለው ሐሳብ ሳይገባው ይጫወታል። ዛሬ ግን አባቱ የሌለበትን ጨዋታ ሞክሮታል። እንዳሰበው አልነበረም።

«ና» አለው። «ዳኛውን ግን ተወው።»

«እሱን ከተውኩት ምን ብዬ ልጩህ?»

የእውነት ጥያቄ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሌላ ነገር ጮሆ አያውቅም።

«ስሜን ጥራ።»

«ስምህን ብቻ?»

«ስሜን ብቻ።»

ዴል ጉሮሮውን ጠረገ። «ቴረን» አለ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ቀስ ብሎ።

«ይሄ ሜዳው ድረስ አይሰማም» አለ ቴረን፤ ሳቁም መጣበት።

ዴል ሳንባውን ሞልቶ ጮኸ። መስኮቱ ነዘረ። የሚካ እናት ደንግጣ ከመኪናዋ ውስጥ ዞር ብላ አየቻቸው። ቴረን እጁን አውጥቶ ሰላም አላት።