ገቢ ያልሆነው አሥራ ሁለት

ፊርደውስ ዐረብ አገር፣ ደክዋኔ በሚባል ሰፈር ባንድ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የትራስ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ጄኔሬተሩ ሊቆም ሃያ ደቂቃ ስለቀረው እጇን አላሳረፈችም። ስልኳ ሲጠራ ካውያውን አቁማ አነሳችው።

የደወለችው ሐምራ ሰፈር ተቀጥራ የምትኖረው ሲቲና ናት። አሠሪዋ ኡስታዝ አባስ ትናንት ማታ የጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ ሞተው ተገኝተዋል። የፖሊስ መርማሪው እሷ ያቀረበችላቸውን ሾርባ ጠርጥሯል። የሷ ዐረብኛ ደግሞ ለወጥ ቤት እንጂ ለፖሊስ አይበቃም።

«በአላህ ነይልኝ» አለቻት። «ዛሬውኑ ይዘውኝ ሊሄዱ ነው።»

ፊርደውስ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። አሠሪዋን ጥላ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው፤ ፖሊስ የቆመበትን መንገድ አታልፍም። ያም ሆኖ የቀሩትን ሁለት የትራስ ልብሶች ጨርሳ አጠፈችና በዶራ በኩል ሐምራ የሚያደርሰውን ቫን ያዘች።

ኡስታዝ አባስን ዘወትር ሰኞ እየሄደች ልብስ ትተኩስላቸው ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የመንግሥትን ዓመታዊ በጀት እየመረመሩ ጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ሽማግሌ ነበሩ። እሷ ወሎ ሳለች የአንድ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ሠራተኛ እንደነበረች ከሰሙ በኋላ ወረቀታቸውን ያሳይዋት ጀመር። ወረዳችሁም ጉድለት አለበት ወይ እያሉ ይስቁባት ነበር።

በሩን የከፈተላት መርማሪው አብዱልገኒ ነው። ዐይኖቹ ደም ለብሰዋል። ከሌላ ሬሳ ወደዚህኛው የመጣ ይመስላል። ስሟን ጠየቃት፤ ወረቀቷን ግን አልጠየቃትም።

ሲቲና ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኟት። ፊርደውስ ቃሏን አንድ በአንድ ወደ ዐረብኛ መለሰችላት። ማዳም ከሪማ፣ የሟቹ እህት፣ ከቀትር ጀምሮ ማር ሚካኤል ሰፈር ወዳጃቸው ቤት ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሟቹ የወንድም ልጅ ያህያ ጀላብ የሚሉትን የዘቢብ መጠጥ ይዞ መጣ፤ አሥር ሰዓት ላይ ሄደ። አንድ ሰዓት ላይ ሲቲና ሾርባውን ይዛ ስትገባ ሙሲዮ አባስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ነበር። የተኙ መሰላት። ሥራ ላይ ሲሆኑ እንዳያነጋግሯቸው የቤቱ ደንብ ስለሆነ ሳህኑን አስቀምጣ ወጣች። ማዳም ሦስት ሰዓት ላይ ሲገቡ ሰውዬው ቀዝቅዘዋል።

«ኪኒኑን ማነው የሚሰጣቸው?» አለ አብዱልገኒ።

«እኔ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ወላሂ የትናንት ማታውም ጣሳው ውስጥ አለ።»

አብዱልገኒ ጣሳውን አስቀድሞ ቆጥሮታል፤ ምንም አልጎደለም። ኪኒኑን ከየትም ልታመጣ ትችላለች አለ። ሬሳውን ያየው ሐኪም እንደነገረው ብዙ የልብ ኪኒን ተፈጭቶ ተሰጥቷቸዋል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራስን ያስታል።

ፊርደውስ ትሰማለች፣ ዐይኗ ግን ብርጭቆ ማስቀመጫው ላይ ነው። ስድስቱ ብርጭቆዎች አፋቸውን ደፍተዋል። ሰባተኛው ሽቅብ ተቀምጧል፤ ውስጡ ውኃ አቁሯል።

«ይሄን ማን አጠበው?»

«እንጃ እህቴ። እኔ እንዲህ አላስቀምጥም።»

ሳሎን ሲገቡ ማዳም ከሪማ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ሶፋ ላይ ነበሩ። ያህያ መስኮቱ ጋ ቆሟል። የመንግሥትን በጀት በሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ኃላፊ ሆኖ ሊሾም ቀን ተቆርጦለታል። የአጎቱን መድኃኒት በየወሩ ፈልጎ የሚገዛውም እሱ ነው።

አብዱልገኒ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ነገሩን ባጭሩ አስቀመጠው። ጠረጴዛው ላይ ከመንግሥት የበጀት ሰነድ አጠገብ ኡስታዝ የሚሠሩባቸው ሁለት ወረቀቶች አሉ፣ ወጪና ገቢ። የገቢው ብቻ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። እንግዲህ ያህያ ከሄደ በኋላም ኡስታዝ ሲሠሩ አምሽተዋል። ቤት የነበረችው ደግሞ ሲቲና ብቻ ናት።

ፊርደውስ ወረቀቶቹን እንድታይ ፈቃድ ጠየቀች። ያህያ ፈገግ አለ።

«ካውያ ያዢዋ በጀት ልትመረምርልን ነው?»

«ተዋት» አለ አብዱልገኒ። «እኔም ቁጥር አልወድም።»

አቀርቅራ አነበበች። ቁርኣን ቤት የተማረችው የዐረብኛ ፊደል ለዚህ ይበቃታል። ከዚያ ወደ ያህያ ዞረች።

«ሲሄዱ የገቢው ወረቀት ምን ላይ ደርሶ ነበር?»

«ባዶ ነበር። ወጪውን ጨርሶ ገቢውን ሊጀምር ሲል ተሰናበትኩት። ለመርማሪውም ነግሬዋለሁ።»

ሲቲናን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻትና ሁሉም እንዲሰሙ ባማርኛም በዐረብኛም ተናገረች።

«ኡስታዝ አገሩን ሁሉ ወደ መቶ ያወርዱት ነበር። ያኒ፣ ማለቴ፣ መንግሥት መቶ ቢያወጣ ስንት ያገኛል? ሰው እንዲገባው ነው። ይኸው፣ ወጪው መቶ። ገቢው ዘጠና አምስት ተብሏል፤ ጉድለቱ አምስት።»

«ከመንግሥት ሰነድ ጋር አንድ ነው» አለ ያህያ።

«አዎ። ስህተቱም እሱ ነው። ከዘጠና አምስቱ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ብድር ነው፤ እሱ ሲወጣ ጉድለቱ አሥራ ሰባት ይሆናል። ሰነዱ ላይ ኡስታዝ ራሳቸው በቀይ አስምረውበታል፣ እዩት። የተበደሩትን ገቢ ብሎ መጻፍ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ልማድ ነው፤ የሳቸው አይደለም።»

ማዳም ከሪማ መቁጠሪያውን ጭናቸው ላይ ጣሉት።

«አባስ ጡረታ የወጣው በዚሁ ነገር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰው ሲያረጅ ሐሳቡን ይለውጣል» አለ ያህያ።

«በቀይ አስምረውበት፣ ያንኑ ብድር ገቢ ብለው ይጽፋሉ?» አለች ፊርደውስ። «ይሄን ገቢ የጻፉት ኡስታዝ አይደሉም። ሲቲና ማንበብ አትችልም። ማዳም አልነበሩም። እርስዎ ደግሞ ስወጣ ባዶ ነበር አሉ። እንዲህ አድርጎ የሚሞላው በጀት ቤት ያደገ እጅ ብቻ ነው። አጎትዎ ጀላቡን ጠጥተው ሲደፉ፣ እርስዎ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው፣ እጃቸውን አስመስለው ከሰነዱ ገለበጡት። እስከ ማታ የሠሩ እንዲመስል፤ ጋዜጣውም ጉድለቱን አምስት ብሎ እንዲያወጣ።»

አብዱልገኒ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ብርጭቆውንም አጠቡት። በዚህ ቤት ብርጭቆ ያጠበ ወንድ አላየሁም፤ ማጠብ የለመደ ደግሞ ሽቅብ አያስቀምጥም።»

አብዱልገኒ ለኪኒኑ የትኛው ፋርማሲ እንደሚሄድ ያህያን ጠየቀው። ያህያ ወደ ወረቀቶቹ ተጠጋ።

«ለመንኩት» አለ። «አሥራ ሰባት ብለህ ብታወጣው ምን ይለወጣል፣ ማን ያነበዋል አልኩት። የኔን ስም ግን ያጠፋ ነበር። እሱ ግን ኸላስ፣ በቃ፣ ቁጥር ቁጥር ነው፣ አልቀይርም አለኝ።»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ሲወርዱ መብራት ስለሌለ አሳንሰሩ አይሠራም ነበር፤ የእርምጃቸው ድምፅ ደረጃው ላይ ረጅም ጊዜ ተሰማ። አብዱልገኒ ወረቀቶቹን በፕላስቲክ ከትቶ በሩ ጋ ቆመ።

«የመኖሪያ ወረቀትሽን መጠየቅ ነበረብኝ» አላት። «ዛሬ ግን ደክሞኛል።»

ማዳም ከሪማ ወደ ጓዳ ገብተው ከተቀጠረች ጀምሮ የያዙባትን የሲቲናን ፓስፖርት አመጡና ያለ አንድ ቃል መዳፏ ላይ አኖሩላት። ሲቲና ገልጣ ፎቶግራፏን አየች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ማዳምም አጠገቧ ተቀመጡ።

«ጋዜጣው ዛሬ ማታ የአባስን ጽሑፍ ይጠብቃል» አሉ ወደ ፊርደውስ ሳያዩ። «የሱን ቁጥር ታውቂዋለሽ?»

ፊርደውስ አዲስ ወረቀት ስባ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች። ወጪ መቶ። ገቢ ሰማንያ ሦስት። ጉድለት አሥራ ሰባት። እያንዳንዷን ቁጥር ሁለት ጊዜ ደመረች፤ ፖስታ ውስጥ ከተተችው፣ አፉን አሸገችና ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋችው።