ናኢማ ገና እየተማረች ነው

ውሸት ነው የምትሉ አትጠፉም። በሉ። እኔ ያልሁት ሳይታመን ሲቀር ይሄ የመጀመሪያው አይደለም።

ብቻ ሆኗል። ባሕር ዳር፣ ጣና ላይ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ጨለማ አልነበረም። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ተኝታ ዓይን ትወጋ ነበር።

ረመዳን እባላለሁ። ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ታንኳ እሠራለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ታላቅ ወንድሜ ኢስሀቅ ይማር ተባለ፣ እኔ ደንገል ላጭድ ወጣሁ። እሱ ዛሬ ቢሮ አለው። ከሰዎች ጋር ሆኖ መንገድ ላይ ካገኘኝ "የማውቀው ሰው ነው" ይላል። ወንድሜ ነው አይልም።

ናኢማ ልጄ ነበረች። ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣላትም። ግን ስልክ ላይ በነጻ የሚሰጥ ትምህርት አገኘች። ስለ ከዋክብት፣ ስለ ሰው ደም ዝውውር፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ድሮ ከተሞች... የተገኘውን ሁሉ ትማራለች።

"ይሄን ሁሉ ምን ታደርጊዋለሽ?" አልኋት።

"እዚያ እኮ ከየት ሰፈር ነሽ የሚል የለም አባዬ። ብርጭቆ የሚለይብኝም የለም።"

ከተማ ውስጥ የሰፈራችንን ስም ሲሰሙ የምንጠጣበትን ዕቃ ለብቻ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ።

ኢስሀቅ ግን ሳቀባት። "በነጻ የሚታደል ትምህርት? ወረቀቱን ለዓሣ ልታሳዪው ነው?"

ሰፈራችን ኔትወርክ ደካማ ነው። ከዳር ትንሽ ገባ ሲሉ ግን፣ ከከተማው ትይዩ፣ እንደ ልብ ይሠራል። ስለዚህ ናኢማ በታንኳ እየወጣች ውኃ ላይ ትማር ነበር። መምህሩ ያለውን ስትደግም ድምፅዋ እስከ ዳር ይመጣል።

ታንኳ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣ ታንኳ ሰው ይዞ ይሰምጣል። ከውኃ የወጣ ታንኳ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል፤ የደረቀው መሬት ላይ ይተኛል። የቆመውን ማንም አይነካም። እኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

አንድ ቅዳሜ ኢስሀቅ እንግዶቹን ፎቶ ሊያስነሳ አንዱን ታንኳ ወሰደ። ሲመለስ አላቆመውም። ሸሚዙ እንዳይቆሽሽ፣ ከደረቁት ጎን አጋድሞት ሄደ።

ከላይ ፀሐይ አድርቆታል። ሆዱ ግን ጠጥቷል።

ናኢማ ፈተና ነበረባት። ሰዓቱ ደርሶባት ሮጠች... የተኛውን ገፍታ ገባች።

ታንኳውን አገኘነው። እሷን አላገኘናትም።

ኢስሀቅ ለቅሶ ላይ ቆሞ "የአላህ ውሳኔ ነው" አለ። ስለ ታንኳው አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

መጀመሪያ ለትምህርቱ የተመዘገበችው በኔ ስልክ ነበር። ከለቅሶው በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ስልኬ ጮኸ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ለጓደኛዋ ለሸሪፋ አሳየኋት። የጎረቤት ልጅ ናት።

"ምን ይላል?"

"ናኢማ... ጎበዝ፣ አንድ ክፍል ጨርሰሻል ይላል።"

"የድሮ ይሆናል።"

"የዛሬ ነው ጋሼ። አስር ሰዓት ላይ።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስልኳ የት ነው?"

"አብሯት ነው።"

በማግስቱም መጣ። በሌላውም ቀን። ሁልጊዜ አስር ሰዓት ላይ።

ሸሪፋ ፈተናዎቹን ከፍታ አየች። ሁሉም ልክ ናቸው። አንዱ ብቻ ስህተት ተብሏል። ጥያቄው፣ ሰው ሳይተነፍስ ምን ያህል ይቆያል የሚል ነው።

"ምን ብላ መለሰች?"

ሸሪፋ ስልኩን ወደኔ አዞረችው። በአማርኛ ነው የተጻፈው።

ገና እየቆጠርሁ ነው።

እኔ አልፈራሁም። ቢገርማችሁም ደስ አለኝ። የልጄ እስትንፋስ ነው የመሰለኝ። ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ መተኛት ጀመርሁ።

አንድ ቀን ሸሪፋ እያለቀሰች መጣች።

"ጋሼ... አንድ ክፍል ብቻ ነው የቀራት። ከዚያ ያልቃል።"

"ሌላ ትምህርት አስመዝግቢያት።"

"ሞከርሁ። አልቀበልም አለኝ።"

"ካለቀስ?"

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛ ልትሄድብኝ ነው።

በማግስቱ ታንኳ ይዤ ወደ ቦታዋ ቀዘፍሁ። ወፍ የለም። ነፋስ የለም።

ታንኳው ከበደኝ... ራሴ ያደረቅሁት ነው። ግን ሁለት ሰው እንደጫነ ዝቅ ብሎ ይሄዳል።

ዞሬ ለማየት አልደፈርሁም።

አስር ሰዓት ሲሆን ስልኩ ሳልነካው ተከፈተ። አንድ ፈረንጅ መምህር ያወራል። ቋንቋውን አልሰማም። ፈገግ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀና ዝም አለ። መልስ እየጠበቀ ነው።

"ናኢማ..." አልሁ በሹክሹክታ። "አትመልሺ። እባክሽ ልጄ፣ ዛሬ አትመልሺ።"

ታንኳው በድንገት ቀለለ።

ከፊቴ ውኃው ተከፈተ... አንዲት እጅ ወጣች። ድረሱልኝ የምትል እጅ አይደለችም። አትንቀጠቀጥም፣ አትጨብጥም። ክንዷን ቀጥ አድርጋ አንድ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራለች... ክፍል ውስጥ መልሱን የሚያውቅ ተማሪ እንደሚያወጣው።

መምህሩ አላያትም። ወደ ሌላ ነገር አለፈ። ስልኩም ጨርሰሻል አላለም።

እጇ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ ወረደች፤ ስሙ ሳይጠራ እንደቀረ ልጅ።