«እርጅና ነው» የተባለው ሞት

ሽማግሌው አናጢ ከቤታቸው ደረጃ ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። መርማሪዋ ስትደርስ ፀሐይዋ ግቢውን ታነደዋለች፤ ሟቹ ግን ወፍራም ሹራብ ለብሰዋል። መርማሪዋ ጡረታዋ የደረሰ ሴት ናት፤ ጎንበስ ባለች ቁጥር ወገቧ ያማርራታል። እንደ ምንም ተንበርክካ የሟቹን እጆች አገላብጣ አየች። መዳፋቸው ላይ ጭረት እንኳ የለም።

«ልጁ ነው የገፋቸው!» አለች ጎረቤት ከአጥር ማዶ። «ጠዋት ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ!»

ልጁም አናጢ ነው። ካቴና የያዘው ፖሊስ አጠገቡ ቆሟል።

«ተጣልተናል፣ አልክድም» አለ። «‹አባባ፣ መጋዙ እጅዎን ሳይቆርጥዎት ሥራው ይብቃዎት› አልኳቸው። ተቆጥተው ደረጃውን ሲወጡ እኔ በሩን በኃይል ዘግቼ ሄድኩ።»

«ለምን ይብቃዎት አልካቸው?» አለች መርማሪዋ።

«አንድ ጣውላ ሲያነሡ ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ያዞራቸዋል። እርጅና ነው እንግዲህ።»

መርማሪዋ ወጥ ቤት ገብታ ምራትየዋን አነጋገረች።

«በዚህ ሙቀት ይበርዳቸው ነበር» አለች ምራት። «ደግሞ ፍሪጅ ከፍተው በረዶ ይቆረጥማሉ።»

«እየበረዳቸው በረዶ?»

«እኔም እስቅባቸው ነበር» አለችና እንባዋ መጣ።

«መድኃኒትስ?»

«ለጉልበታቸው የሕመም ማስታገሻ። ከእህታቸው ጋር ከአንድ ጠርሙስ ነው የሚውጡት። ካልዋጡት አይውሉም።»

እህትየው የሟቹ ታላቅ ናቸው። ጓዳ ተቀምጠው በዝግታ ያለቅሳሉ። መርማሪዋ አጠገባቸው ሆና ስለ ወንድማቸው ጤና ስትጠይቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«‹ሰገራዬ እንደ ከሰል ጠቁሯል› ብሎኝ ነበር። ‹ለሰው እንዳትነግሪ፣ ያሳፍራል› አለኝ። እኔም ዋጥ አደረግሁት።»

በማግስቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ፤ የሟቹ ጨጓራ ቆስሎ ደም ሲያንጠባጥብ ከርሟል። መርማሪዋ ስልኩን ዘግታ ዓይኗን አሸች። ከዚያ ወደ ሟቹ ቤት ተመልሳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ልጁንም ፖሊሱ ይዞት መጣ፤ ጎረቤትም ቀረሁ አላለች። እህትየው መጨረሻ ገቡ፤ ከጓዳ እስከ ሳሎን ለመድረስ ግድግዳ ተደግፈው ዐረፍ ብለዋል።

«የተገፋ ሰው እጁን ይዘረጋል» አለች መርማሪዋ። «የእሳቸው መዳፍ አልተጫረም። ከመውደቃቸው በፊት ራሳቸውን ስተዋል።»

«ደህና ሰው እንዲሁ ራሱን ይስታል?» አለች ጎረቤት።

«ደህና አልነበሩም፤ ደም አንሷቸዋል። ማስታገሻው ጨጓራቸውን አቁስሎ ቀስ በቀስ ሲያደማቸው ነው የከረመው። ሰገራቸው የጠቆረው ለዚህ ነው። ደም ሲያንስ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይበርደዋል፣ ያዞረዋል፤ በረዶ የሚያስቆረጥመውም አለ። በዚያ ላይ ተቆጥተው ደረጃውን ሲወጡ ሰውነታቸው አልቻለም።»

ፖሊሱ ካቴናውን ኪሱ ከተተ። ልጁ ግን ነጻ የወጣ ሰው አልመሰለም።

«እኔ እኮ… እርጅና ነው ብዬ…»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለች መርማሪዋ በደከመ ድምፅ። «እርጅና ግን ደም አያፈስም። ደሙን ምን እንደሚያፈሰው የጠየቀ ሰው አልነበረም።»

ይህን ብላ ወደ እህትየው ዞረች። «እትዬ፣ እስቲ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዙሩልኝ።» የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ በጣቷ ዝቅ አደረገች። መቅላት የነበረበት ሥጋ እንደ ሻማ ነጥቷል።

«እርስዎንም ያዞርዎታል?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ እርጅ…» አሉና ቃሉን ሳይጨርሱት የወንድማቸውን ልጅ ቀና ብለው አዩት።

የወንድማቸው ልጅ አንሥቶ አቀፋቸውና ወደ መርማሪዋ መኪና ሮጠ።

ሆስፒታል የእሳቸውም ጨጓራ እየደማ ተገኘ። ማስታገሻው ቀረ፣ ቁስሉ ታከመ፣ ደም ተሰጣቸው። መርማሪዋ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ከንፈራቸው ቀለም መልሷል።

«እኔን አተረፍሽኝ» አሏት። «ምናለ ለወንድሜም ቀደም ብለሽ መጥተሽለት ቢሆን?»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔን የሚጠሩኝ ሰው ከሞተ በኋላ ነው፣ እትዬ» አለች።