ሲመለስ የሚያጥረው መንገድ

ማመን የማይፈልግ ካሁኑ ይለፈኝ። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ሰውዬው ቀምሶ ነው" ብዬ እስቅ ነበር።

ግን እውነት ነው። የደረሰው በእኔ ነው።

ጨለማ አልነበረም... ዝናብም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ፣ መኪናና ሰው በሚተራመስበት ትልቅ መንገድ ላይ ነው።

እኔ የመንገድ ቀያሽ ነኝ።

ይሄ መንገድ ድሮ የገጠር መንገድ ነበር። የሰው እግርና የከብት ኮቴ ያወጣው ቀጭን መንገድ። ቆይቶ ጠጠር ለበሰ፣ ከዚያ አስፋልት። ከተማው እየሰፋ መጥቶ ዋጠው። ዛሬ ግራና ቀኙ ሱቅና ፎቅ ነው።

ያኔ ጠጠሩን የደለደለው የግሬደር ሹፌር ማን መሰላችሁ? አባቴ።

ቤቱንም እዚያው መንገድ ዳር ሠራ። "የሠራሁትን እያየሁ ላርጅ" ብሎ። አረንጓዴ በር አለው። አጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥራ አንድ ሜትር ከሃያ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ሜትር አያያዝ ያስተማረኝ በዚያ አጥር ላይ ነው፤ እሱ አንዱን ጫፍ ይዞ፣ እኔ ሌላውን። እናታችን ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው።

መንገዱ አንድ ቦታ ላይ እንደ ክርን ይታጠፍ ነበር። ሰፈሩንም ሰው "ክርኑ" ነው የሚለው።

ለምን እንደሚታጠፍ ግን የሚያውቅ የለም። ድንጋይ የለ፣ ዛፍ የለ፣ ገደል የለ። ለጥ ያለ ሜዳ። እግረኛው ዞረ፣ ከብቱ ዞረ፣ ግሬደሩ ዞረ፣ አስፋልቱም ዞረ።

እኔ አቀናሁት።

ፕላኑን ለአባቴ አሳየሁት።

"ልጄ፣ የድሮ ሰው ሰክሮ አይደለም የዞረው።"

"ታዲያ ምን አይቶ ነው?"

"እኔም ሽማግሌዎቹን ጠይቄ ነበር። 'እኛም ዞሮ ነው ያገኘነው' አሉኝ። ተከተልኳቸው።"

"አባዬ ደግሞ፣ ስታረጅ ፈሪ ሆንክ!"

"የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ምነው ያን ጊዜ እጄን በቆረጠው!

በእኛ ሥራ አንድ ሕግ አለ። መንገድ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ሲኬድ አንዴ፣ ሲመለስ አንዴ። ሁለቱ ቁጥር እኩል መምጣት አለበት። እኩል ካልመጣ... እንደገና ይለካል።

የመለኪያውን ጎማ የሚገፋው ባልደረባዬ ነው። ሜትሮ እንለዋለን። ዕድሜውን ሙሉ ሲለካ ስለኖረ፣ ሚስቱንም ለክቶ ነው ያገባት እያልን እንቀልድበታለን።

ክርኑ በቀና በሳምንቱ ለካን።

ሲኬድ፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ሜትር።

ሲመለስ... ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ስድስት።

"ጎማው ተንሸራቶ ነው" አለ ሜትሮ።

ከሥራ ስወጣ ሌላ ሱሪ ላሳጥር ልብስ ሰፊው ጋ ጎራ አልኩ። አራት ሜትር የምትሰፋው ሱቁ በጫማ ቤቱና በፀጉር ቤቱ መሃል ነበረች። አሁን ግን ጫማ ቤቱና ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀዋል።

"ልብስ ሰፊው የት ሄደ?" አልኩት ባለጫማ ቤቱን።

"የቱ ልብስ ሰፊ?"

ጎንበስ ብዬ የለበስኩትን ሱሪ አየሁ። ከሁለት ቀን በፊት እሱ ያጠፈው ጠርዝ እንዳለ ነው...

ሕጉ ሕግ ነውና እንደገና ለካን። ሲኬድ፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ሠላሳ ስድስት። ሲመለስ ዘጠኝ ሜትር ጎደለ።

በማግሥቱ አባቴ የደም ግፊት መድኃኒቱን የሚገዛበት ፋርማሲ የለም። ባለቤቷን ጭምር የሚያስታውስ ጠፋ። የእጅ ጽሑፏ ግን አባቴ ጠረጴዛ ላይ፣ መድኃኒቱ ካርቶን ላይ አለ። "ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ" ይላል።

ክው አልኩ። ሁለቱም ከክርኑ ወደ አባቴ ቤት በሚወስደው በኩል ነበሩ።

አባቴን እኔ ጋ እንዲገባ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት።

"የገዛ መንገዴን ፈርቼ ልሽሽ?" አለኝ።

ቢያንስ ጎማውን ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሜትሮንም "በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ ከእንግዲህ እንዳትለካ" አልኩት።

"ፀሐይ መትታሃለች" ብሎ ሳቀብኝ።

አሁን ወደዚያች ቀን ልምጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሜትሮ ላቡን እየጠረገ ገባ። ከሌላ ክፍል የተዋሰው ጎማ በእጁ ነው።

"አለቆቹ ሪፖርቱ ዘገየ ብለው ሲጮሁብህ አሳዘንከኝ። ብቻዬን ለካሁልህ።"

ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ሲመለስ... ስንት ጎደለ?"

"አሥራ አንድ ሜትር ከሃያ። ይሄ ጎማ እኮ—"

ቀሪውን አልሰማሁም። ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ደረጃውን ወረድኩ።

አነሳው። አነሳው! እግዜር ይመስገን ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

"አባዬ... የት ነህ?"

"ደጅ ነኝ። አበባ እያጠጣሁ። ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው?"

"ውጣ። መንገዱን ተሻገር። አሁኑኑ!"

"ውሃውን ልዝጋና..."

"ተወው ውሃውን!"

ቢሯችንና ቤቱ ሩቅ አይደሉም። ሰው እየገፋሁ ሮጥኩ። ዳቦ ቤቱ ጋ ደረስኩ፤ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ የእኛ በር፣ ከእኛ ቀጥሎ አናጢው ነው።

ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ አናጢው ነበር።

ግድግዳቸው ገጥሟል። ቀለሙ ያረጀ ነው፣ የዓመታት አቧራ ጠጥቷል። በእጄ ዳሰስኩት። ስንጥቅ እንኳ የለውም።

ስልኩ አልተዘጋም።

"ልጄ..."

"አቤት አባዬ?"

"በሩ ላይ ቆሜ እያየሁህ ነው። ለምን ግድግዳ ትደባብሳለህ?"

እንባዬ መጣ። "አላይህም... አባዬ፣ አላይህም።"

"ቆይ መጣሁ። አትነቃነቅ።"

ከግድግዳው ሥር እርጥብ ምልክት ወጣ። የነጠላ ጫማ ዱካ ነው። አንድ... ሁለት... ሦስት። አስፋልቱን እያረጠበ ወደ እኔ መጣ። ፊቴ ሲደርስ ቆመ።

"ይኸው" አለኝ፣ በስልክ። "ፊትህ ነኝ እኮ። እየኝ እንጂ የኔ ጌታ።"

እጄን ዘረጋሁ። አየር ነው።

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም አለኝ። እህቴ ጋ ደወልኩ።

"እታለም፣ አባዬ... አባዬ!"

"የምን አባት ነው የምታወራው? እኛ እኮ ያለ አባት ነው ያደግነው። አሞሃል?"

ዱካው እስኪደርቅ እዚያው ቆሜ አየሁት። ምን ላድርግ? ማንን ልክሰስ?

አሁን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከመንገዱ ማዶ እቆማለሁ። ዱካው የቆመበትን ቦታ አያለሁ።

ሰዉ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ዳቦ ቤቱን አልፎ እዚያ ቦታ ሲደርስ... ይዞራል። ትንሽ ነው፣ አንድ እርምጃ ያህል። ከዚያ መንገዱን ይቀጥላል። ውሻው እንኳ ይዞራል።

አንዲት እናት አስቆምኩ።

"እማማ፣ እዚህ ጋ ለምን ዞሩ?"

"እኔ? ቀጥ ብዬ ነው የመጣሁት ልጄ።"

ትናንት እኔም ሞከርኩ። አባዬ ደረት ላይ ልወድቅ፣ ላቅፈው፣ ይቅር በለኝ ልለው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ዘርግቼ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

እግሬ ዞረ።

ዞር ብዬ አየሁ። ፀሐይ በምታቃጥለው ደረቅ አስፋልት ላይ ሁለት እርጥብ የጫማ ምልክት ነበር።

ጫፋቸው ወደ እኔ ነው።